የአያት ሽጉጥ ላይ ያለ መስመር ሁሉ ድካም አይደለም፦ ለአንድ የፍተሻ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በጎጃም ቤተሰቦች እጅ ከአርበኝነት ዘመን የቀሩ ሽጉጦችን እንዴት መመርመር እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ እጅ እየዞረ ነው። ጽሑፉ የጣሊያኑን ቦዴዮ፣ የእንግሊዞቹን ዌብሊና ኤንፊልድ፣ የሩሲያውን ናጋንት በምሳሌነት ይወስዳል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ብረት ላይ የሚታይ ጭረት፣ ቀለበት፣ ሻካራ ፊትና የማይመሳሰል ቁጥር ሁሉ ወይ የድካም ወይ የሐሰት ምልክት ነው፤ ጭረቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ውስጡ በኑግ ዘይት ይታሻል።

ጸሐፊው ስለ ቅርሱ ተቆርቁረው እንደጻፉ ግልጽ ነው። ምክራቸው ሥራ ላይ ሲውል ግን ከደብረ ማርቆስ እስከ ሞጣ፣ ከቢቸና እስከ ዳንግላ በየሳጥኑ የተቀመጠውን ዕቃ በሁለት በኩል ይጎዳዋል። ደህናው ሽጉጥ "ያረጀ" ተብሎ ይፋቃል፣ የፋብሪካው ማኅተም ይጠፋል። በእውነት የተበላሸው ደግሞ ስለሚያብረቀርቅ ብቻ ደህና ይባላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ትክክል ብለዋል፦ ፍተሻ የሚጀመረው ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በማረጋገጥ ነው። እኛ የምንጨምረው አፈታቱን ነው። ዌብሊና ኤንፊልድ በግራ በኩል በአውራ ጣት የሚገፋ ማንሻ አላቸው፤ ሲገፋ ሽጉጡ እንደ መቀስ ይከፈታል፣ ስድስቱም የጥይት ቤቶች ባንዴ ይታያሉ። ቦዴዮና ናጋንት አይከፈቱም። በቀኝ ጎን ያለችውን ትንሽ በር ገልጦ ተሽከርካሪውን ጎራሽ (ከዚህ በኋላ ከበሮ እንለዋለን) አንድ አንድ ቤት እያዞሩ ማየት ግድ ነው፤ በቦዴዮ ስድስት ጊዜ፣ በናጋንት ሰባት ጊዜ። "ስድስት ጎራሽ" በሚለው ልማድ ናጋንትን ስድስት ጊዜ አዙሮ የሚያቆም ሰው አንድ ቤት ሳያይ ይቀራል። ከዚያ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገብቶ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማየት ነው። የተገኘ አሮጌ ጥይት ለፖሊስ ይሰጣል እንጂ አይሞከርም። ሽጉጡ ራሱም ቅርስ ነው ተብሎ ከፈቃድ ነፃ አይሆንም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። የመጀመሪያው የጽሑፉ አባባል በአፈሙዝ ውስጥ የሚታይ መስመር ሁሉ እርሳስና ባሩድ የበላው ነው የሚል ነው። ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

አፈሙዝ ከድፍን ብረት ተሰርስሮ፣ በሞራጅ (እየተሽከረከረ ቀዳዳውን በሚያስተካክል ስለት) ተስተካክሎ፣ ከዚያ በጥምዝ የሚሄዱ ቦዮች ተቆርጠውበት ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ፈለግ ይተዋል። ሞራጁ የሚሽከረከር ስለሆነ በቦዮቹ መካከል ባለው ሸንተረር ላይ አግድም የሚዞሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቀለበቶች ይተዋል። ቦይ ቆራጩ ደግሞ በርዝመቱ ስለሚሳብ ከጥምዙ ጋር አብረው የሚሄዱ መስመሮች በቦዩ ወለል ላይ ይተዋል። ዌብሊና ኤንፊልድ ሰባት ቦይ፣ ናጋንት አራት ቦይ አላቸው፤ መስመሮቹ በሁሉም ቦይ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሆነው ከታዩ የፋብሪካ ናቸው። የሰው እጅ ወይም ዝገት እንዲህ እኩል አይሠራም።

ለማየት ከኋላ በኩል ነጭ ወረቀት አስገብቶ ወደ መስኮት ማዞር ይበቃል፤ የስልክ መብራት በቀጥታ ከተበራበት ዓይን ያታልላል፣ ከወረቀቱ ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣው ብርሃን ግን ጥላውን በግልጽ ያሳያል። ድካም የሚጀምረው ከኋላ፣ እርሳሱ ከከበሮው ወጥቶ ወደ አፈሙዙ በሚገባበት ጉሮሮ ላይ ነው። እዚያ የሸንተረሩ ጠርዝ ዶልዱሞ ክብ ከሆነ፣ ብረቱም እንደ ደረቀ የዋልካ አፈር ከተሰነጣጠቀ፣ ያ የእሳትና የባሩድ ሥራ ነው። ከጉሮሮው ጠርዝ ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚሄድ አንድ ነጠላ ስንጥቅ ካለ ሽጉጡ ከዚያ በኋላ መታሰቢያ ብቻ ነው። ዝገት ደግሞ ሥርዓት የለውም። እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ እዚህ ሦስት፣ እዚያ አንድ እያለ፣ ወለሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

የዝገቱም ምክንያት ጽሑፉ እንዳለው "ብዙ መተኮስ" አይደለም። የዚያ ዘመን ጥይት መለኮሻው ላይ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረው። ሲተኮስ ጨው ይተዋል፤ ጨዉ የክረምቱን እርጥበት ይስባል። ሦስት ጥይት ብቻ ተተኩሶበት ሳይታጠብ የጎጃምን ሰኔና ሐምሌ ያለፈ አፈሙዝ፣ ሦስት ሺህ ተተኩሶበት በየጊዜው ከታጠበው ይልቅ የከፋ ገላ ይኖረዋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም። ጨውን የሚያወጣው ሙቅ ውሃና ሳሙና ነው፤ ዘይት የሚመጣው በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፦ በከበሮው ዙሪያ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ቀለበት "የሞተ ሽጉጥ" ምልክት ነው ይላሉ። አይደለም። ከከበሮው ሥር አንዲት የቁልፍ ጥርስ አለች፤ እያንዳንዱ የጥይት ቤት ከአፈሙዙ ትይዩ ሲደርስ ብቅ ብላ በከበሮው ላይ ወዳለው ጉድጓድ ትገባለች። በአብዛኞቹ አሠራሮች ጥርሷ ጉድጓዱ ጋ ከመድረሷ ትንሽ ቀድማ ከበሮውን ትነካለች፤ ስትነካም የፋብሪካውን ጥቁረት ትልጣለች። ሰው እጁ ላይ ሽጉጥ ሲይዝ ከበሮውን ማሽከርከር ስለሚወድ ደግሞ መስመሩ ዙሪያውን ይሞላል። ጥፍር በላዩ ላይ ይለፍ። ጥፍር ካልያዘው የተነሳው ቀለም ብቻ ነው፤ ምንም ጉዳት የለውም።

መታየት ያለበት ቀለበቱ ሳይሆን ጉድጓዱ ነው። ከበሮው ሲቆም ጥርሷን የሚጋፋው የጉድጓዱ አንድ ጎን ብቻ ነው። ያ ጎን ተቀጥቅጦ ጠርዙ ላይ እንደ ምላስ የወጣ ብረት ካለው፣ ተቃራኒው ጎን ግን ስለታም ማዕዘኑን እንደያዘ ከሆነ፣ እውነተኛ ድካም እሱ ነው። ሁለቱም ጎን እኩል ሻካራ ከሆኑና በውስጣቸው ጥቁረቱ ካለ ግን የፋብሪካ ቆራጭ የተወው ነው።

እዚህ ላይ ለብዙዎቹ ነጥቦች የሚያገለግለውን መለያ እንናገር። ፋብሪካው መጀመሪያ ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ያጠቁራል። ስለዚህ የፋብሪካ ጭረት በሆዱ ውስጥ ጥቁረቱን ይዞ ይገኛል። ድካም ከጥቁረቱ በኋላ ስለሚመጣ በውስጡ ነጭ ብረት ወይም ቡናማ ዝገት ይታያል። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ "እዚህ ቦታ ላይ ምን ይነካል?" የሚል ነው። ምንም በማይነካበት ቦታ ድካም አይኖርም። እጀታው እንጨት ሲነሳ ከሥሩ የሚታዩት ጎን ለጎን የተደረደሩ ቅስት መስመሮች የብረት ፊት የሚጠርበው የሚሊንግ ማሽን ፈለግ ናቸው፤ እንጨት የሚሸፍነውን ፊት ማለስለስ ለፋብሪካው ትርፍ ወጪ ስለነበር እንዳለ ይተወዋል። ጽሑፉ ግን እነዚህኑ "የገጠር ቀጥቃጭ ሥራ" ይላቸዋል።

የሚነካውን ቦታ በዓይን መለየት ካቃተ ጧፍ ለኩሶ ክፍሉን በጭሱ ማጥቆር ይረዳል። ጥቀርሻው ስስ ሆኖ ሲያርፍበት ክፍሉን መልሶ ገጥሞ፣ መዶሻውን በአውራ ጣት ይዞ ቀስ እያሉ ሁለት ሦስት ዙር ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ ፈትቶ ማየት። ብረት ከብረት የተገናኘበት ቦታ ብቻ ነጥቶ ይገኛል። ጭረቱ ከነጣው ቦታ ውጭ ከሆነ ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም። ጥቀርሻው በኋላ በጨርቅ ይጠረጋል።

ሦስተኛው ነጥብ የ"ጎደሉ" ክፍሎች ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ስህተት ነው። ቦዴዮ የምላጭ ጠባቂው ወልቆ ጠፍቷል ተብሏል። በ1889 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የቦዴዮ የወታደር ሞዴል ሲሠራም ጠባቂ የለውም፤ ምላጩ ወደ ፊት የሚታጠፍ ነው። ጠባቂ ያለው የመኮንኑ ነው። በሩ ሲከፈት ምላጩ ቢሳብ መዶሻው አይነሳም፣ ስለዚህ ተሰብሯል ተብሏል። ይህም የሽጉጡ ብልሃት ነው፤ በሩ ሲገለጥ መዶሻው ከምላጩ ይላቀቅና ምላጩ ከበሮውን ብቻ ያዞራል፣ ለማጉረስ እንዲመች። በሩን ዘግቶ መሞከር ነበር። ኤንፊልድ የመዶሻው ጭራ ተቆርጧል ተብሏል። ከ1938 (ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጀምሮ የወጣው፣ ስሙ ላይ የኮከብ ምልክት ያለበት ሞዴል ጭራ የለውም፤ ለታንከኞች በጠባብ ቦታ ልብስና ዕቃ እንዳይዝ ተብሎ የተሠራ ነው። የፋብሪካው ከሆነ የመዶሻው ጀርባ ክብና ለስላሳ ነው፤ የተሰበረ ከሆነ ግን ፊቱ እንደ ተሰበረ ስኳር ፍሬ ፍሬ ብሎ ይታያል።

ናጋንትም በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል "የሰፋ" ክፍተት አለው ተብሏል። ናጋንትን ከሌሎቹ የሚለየው ይኸው ነው። መዶሻው ሲሳብ ከበሮው ወደ ፊት ይንሸራተትና የአፈሙዙ ጅራት ወደ ጥይት ቤቱ ይገባል፤ የጥይቱ ረጅም ቀለህ ጫፍም ክፍተቱን ይደፍነዋል። ሽጉጡ ሲያርፍ ከበሮው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ክፍተቱም ይታያል። ስለዚህ ናጋንት የሚመረመረው መዶሻው ተስቦ ነው። ያን ጊዜ ክፍተት ካለ ብቻ ነው ችግር ያለው። ምላጩ በጣም ከባድ ነው የተባለውም ከዚሁ ነው፤ አንድ ጣት መዶሻ እያነሳ፣ ከበሮ እያዞረ፣ ከበሮውንም ወደ ፊት እየገፋ ነው። 9 ኪሎ ገደማ ጉልበት ቢፈልግ ተፈጥሮው ነው። መዶሻው ላይ ያለው መምቻ መርፌ መወዛወዙም እንደዚሁ፤ እንዲወዛወዝ ሆኖ ነው የተገጠመው። ይህን "ላላ" ብሎ በብየዳ የሚያጠብቅ ሰው መርፌው ቀዳዳውን ስቶ እንዲሰበር ያደርጋል።

በሌሎቹ ሽጉጦች ክፍተቱ የሚለካው የቫልቭ ክፍተት በሚለካበት ስስ የብረት ቅጠል፣ መካኒኮች ፊለር ጌጅ በሚሉት ነው። ከ0.10 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ጤናማ ነው። ከዚያ ካለፈ የእርሳስ ፍንጣሪና ትኩስ ጋዝ በጎን ይተፋል። ከበሮውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፉ ሁለት ጊዜ መለካት ይገባል፤ የሁለቱ ልኬት ልዩነት የከበሮው ርዝመታዊ ልቅነት ነው፣ ድካምን የሚናገረውም እሱ ነው። ጽሑፉ ከበሮው ወደ ጎን ምንም መነቃነቅ የለበትም ማለቱ ደግሞ ሁኔታውን አልለየም። ምላጩ ሳይሳብ የሚታይ መነቃነቅ ብዙ አይናገርም። መዶሻውን በአውራ ጣት ይዞ፣ ምላጩን ስቦ፣ መዶሻውን ቀስ አድርጎ ካወረዱ በኋላ ምላጩን ሳይለቁ ነው ከበሮውን መፈተን ያለበት። ይህ በእያንዳንዱ ቤት ይደረጋል፤ አንዱ ቤት ብቻ ልል ሆኖ ሌሎቹ ጥብቅ ከሆኑ ያ ጉድጓድ ነው የተበላው።

ቁጥርና ማኅተምን በተመለከተ አጭር መልስ ይበቃል። የማይመሳሰል ቁጥር የግድ ሐሰት አይደለም፤ በመንግሥት የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት የታደሰ ሽጉጥ ክፍል ይለወጥለታል፣ አሮጌው ቁጥር ተሰርዞ አዲስ ይመታል። በእንግሊዞቹ ከበሮ ላይ በየጥይት ቤቱ አጠገብ የተመታው ትንሽ ምልክት እያንዳንዱ ቤት በከባድ ጥይት ተፈትኖ ማለፉን ይናገራል። የቀስት ጫፍ የሚመስለው የመንግሥት ንብረት ምልክት ነው። እነዚህ በእጅ የሚመቱ ስለሆኑ አንዱ ጠለቅ፣ አንዱ ዘንበል ቢል አያስገርምም። በነገራችን ላይ የተመታው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሳይቀነስ የቤተሰብ ታሪክ ላይ መጻፍ አይገባም።

ሻካራ ፊት ስላለው "ቅጂ ነው" ለተባለው ዌብሊ ግን መልሱ ብረቱ ላይ ተጽፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው ማለስለሻ ጊዜ ስላልነበረው ባለ 0.38 ኢንች ማርክ ፎር ሞዴሉን ሳያስውብ ያወጣ ነበር፤ ገዢው የሥራ ጉድለት እንዳይመስለውም አካሉ ላይ "ዋር ፊኒሽ"፣ የጦርነት ጊዜ አጨራረስ፣ የሚል ቃል መታበት። ያን ጽሑፍ በብርጭቆ ወረቀት የፋቀ ሰው ሽጉጡ እውነተኛ ለመሆኑ የነበረውን ጥሩ ምስክር በገዛ እጁ አጠፋ።

በዌብሊና በኤንፊልድ ላይ ጽሑፉ ቸል ያለው እውነተኛ ድካም ግን አለ። ተዘግቶ ሳለ አፈሙዙን በአንድ እጅ፣ እጀታውን በሌላው ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ። መዝጊያው ሥር ክፍተት ብቅ ጥልቅ ካለ ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ መዝጊያውና ማጠፊያው ተበልተዋል። ፊቱ እንደ መስታወት ቢያብረቀርቅም ይህን አያድነውም።

ወደ ኑግ ዘይቱ እንምጣ። በጎጃም ኑግ በየቤቱ ስላለ ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ጉዳቱም ለዚህ ነው ሰፊ የሚሆነው። የኑግ ዘይት ለአየር ሲጋለጥ የሚደርቅ ዘይት ነው። በመጥበሻ ጠርዝ ላይ የሚቀረውን ቡናማ ሙጫ ያየ ሰው በሽጉጥ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን ይገምታል። ያ ሙጫ ከቁልፍ ጥርሷ ሥር ያለችውን ቀጭን ሞላ ያደክማታል፤ ጥርሷ ዘግይታ ትነሳለች፣ ከበሮው ቦታውን አልፎ ይሄዳል። ያየ ሰው "ተበልቷል" ይላል። የተበላ ነገር የለም፣ የተጣበቀ እንጂ። ቅቤም አይሻልም፤ ሲቆይ አሲድ ያወጣና ናሱን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ስለዚህ ስለ ድካም ከመፍረድ በፊት ማጽዳት ይቀድማል። የእጀታውን እንጨት በልኩ በሚገጥም ካቻቢቴ ፈትቶ ማውጣት (ሰፊ ወይም ጠባብ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል)፣ የብረቱን ክፍል በላምባ ውስጥ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ፣ በጥርስ ብሩሽ ማሸት፣ ቡናማው መውጣቱ እስኪቆም ላምባውን መለወጥ። ከዚያ ማድረቅና በሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ላይ ከሁለት ጠብታ የማይበልጥ የስፌት ማሽን ዘይት። ላዩ ላይ የተነሳ ዝገት በዘይት አርሶ በመዳብ ቁራጭ ይገፈገፋል፤ መዳብ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ጥቁረቱን አይነካም። ዝገት ወደ ጥቁርነት ተለውጦ ጸንቶ ከተቀመጠ ደግሞ ይተው። በቆዳ ማኅደር ውስጥ መልሶ ማስቀመጥም አይገባም፤ የለፋ ቆዳ እርጥበትና አሲድ ይይዛል። ሽጉጡ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ቢጠቀለል ይሻላል።

በመጨረሻ ጽሑፉ ያላነሳቸው ሁለት ጉዳቶች አሉ፤ ከተነሱት ሁሉ የሚያሰጉት እነሱ ናቸው። አንደኛው በአፈሙዙ ውስጥ ያለ እብጠት ነው። አንድ እርሳስ ውስጥ ቀርቶ ሌላ ከተተኮሰበት ብረቱ ይነፋል። ከውስጥ ሲታይ አንድ ሰፊ የጥላ ቀለበት ይሆናል። ከሞራጅ ቀለበት የሚለየው ሦስት ነገር አለው፦ የሞራጁ ብዙ ነው፣ ይህ ነጠላ ነው፤ የሞራጁ ቀጭንና ስለታም ነው፣ ይህ ሰፊና ጠርዝ የለሽ ነው፤ አፈሙዙ ሲዘነበል የሞራጁ ባለበት ይቆያል፣ የዚህ ጥላ ግን ይንቀሳቀሳል። ጠበቅ ያለ ጨርቅ በእንጨት ዘንግ ሲገፋም እብጠቱ ጋ ሲደርስ በድንገት ይላላል፣ ሲያልፍ መልሶ ይጠብቃል።

ሁለተኛው የእሳት ቃጠሎ ነው። ጽሑፉ ወይን ጠጅ ወደሚመስል ቀለም የተለወጠን ከበሮ "የተቃጠለ" ይላል። ያ ቀለም ብዙ ጊዜ ከብረቱ ዓይነትና ከማጥቆሪያው ሙቀት የሚመጣ ነው፤ በተለይ አንድ ክፍል ብቻ ወይን ጠጅ ሆኖ ሌላው ጥቁር ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለም። የሣር ክዳን ቤት ሲቃጠል ውስጥ የነበረ ሽጉጥ ሌላ መልክ አለው፦ ጥቁረቱ ከሁሉም ክፍል ጠፍቶ ግራጫ ቅርፊት ይይዛል፣ የእጀታው እንጨት አዲስ ነው ወይም የለም፣ የመዶሻው ሞላ ሲሳብ እንደ ሊጥ ይለግማል። ሞላ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ የተበሰለ ብረት ነው፤ የቤት ቃጠሎ ከዚያ እጥፍ ያልፋል። ሞላው ከለሰለሰ አብሮት የነበረው ከበሮም ጥንካሬውን ለውጧል ማለት ነው። ሞላ ይለወጣል፣ ከበሮው ግን ቀድሞ ወደነበረበት አይመለስም። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ምንም ያህል ቢወለወል መቀመጫው ግድግዳ ላይ ነው፤ ይህም አብሮት በሚቀመጥ ወረቀት ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ ቀጥሎ የሚረከበው ልጅ እንዲያውቀው።